ለሴሬብራል ፓልሲ ልጅ ከካርቶን የሚሠራ ወንበር

ካርቶን ሰው ይሸከማል ወይ? አንድ ሉህ አይሸከምም። 7 ሉህ፣ ሽንሽኑ (በሉሁ ውስጥ ያለው የተጣጠፈ ወረቀት መስመር) አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ጎን እየዞረ፣ በዱቄት ሙጫ ተጣብቆና ክብደት ተጭኖበት ሲደርቅ ግን ከኮምፔንሳቶ የማይተናነስ ሰሌዳ ይወጣዋል። ዚምባብዌ ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተዛመተው ይህ አሠራር የሚወደደው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ካርቶን ግን ይላጣል፣ ይደረብበታል፣ ለዚያው ልጅ ገላ ልክ እስኪሆን ይስተካከላል።

ሴሬብራል ፓልሲ አንጎል ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቀማመጥ ችግር ነው። ወንበሩ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ያለ ድጋፍ መቀመጥ ለማይችል ወይም ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ለሚያጋድል፣ ከ2 እስከ 8 ዓመት ገደማ ላለ ልጅ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው ልኬቱ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የሚበላሸው ጥቂቱ ነው። ልኬቱ ሳያልቅ ቢላዋ አታንሱ።

መጀመሪያ ልጁን

ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ አንድ እጃችሁን ከወገቡ ሥር አስገቡ። በሌላው እጅ ሁለቱንም ጉልበቶች አጥፋችሁ ጭኑን ቀስ ብላችሁ ወደ ሆዱ አምጡ። ጭኑ ከገላው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን (90 ዲግሪ) እስኪሠራ ድረስ ወገቡ እጃችሁ ላይ እንዳረፈ ከቆየ ወንበሩ ይሆነዋል። ገና ግማሽ ሳይታጠፍ ዳሌው ከእጃችሁ ከተነሣ፣ አንደኛው እግር ከሌላው ይልቅ አልከፈት ካለ፣ ወይም ልጁ አሞት ካለቀሰ ግን አቁሙ። ዳሌው ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላልና ወንበሩን ከመሥራታችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒስት ይየው። አከርካሪው ጎብጦ በእጅ ሲያቀኑት የማይቀና ልጅና የሚጥል ሕመሙ በመድኃኒት ያልተረጋጋ ልጅም እንደዚሁ ናቸው። መናገሻ እንዳለው የቼሻየር ማዕከል ያሉ የአካል ተሃድሶ ቦታዎች ይህን ያዩላችኋል።

ልኬት

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ልጁን ጠንካራ አግዳሚ ወይም በርጩማ ላይ አስቀምጡት። ስፖንጅ አልጋ ላይ የተለካ ልክ ውሸት ነው። አንዱ ከኋላ ሆኖ ዳሌውን በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ ያደርገዋል፣ ሌላው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል። እግሩ ከሥሩ በተደረደረ መጽሐፍ ወይም ጡብ ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፍ። ልጁ ሲወጠር አትለኩ፤ እስኪለሰልስ ጠብቁ።

የምትለኩት እነዚህን ነው፦

1. ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ። ከዚህ ላይ 2 ሴ.ሜ ይቀነሳል።
2. የዳሌው ስፋት፣ በሰፊው ቦታ። 2 ሴ.ሜ ይጨመራል፣ ከዚያ በላይ አይጨመርም።
3. ከጉልበት ማጠፊያ እስከ ተረከዝ። ጫማ የሚያደርግ ከሆነ ከነጫማው።
4. ከመቀመጫ እስከ ክርን፣ ክንዱ ታጥፎ ትከሻው ሳይነሣ።
5. ከመቀመጫ እስከ ትከሻ። አንገቱን የማይሸከም ከሆነ እስከ አናቱ።

ሁለቱን እግሮች ለየብቻ ለኩ፤ ከተለያዩ መቀመጫውን በአጭሩ ቁረጡ። የመጀመሪያው ልክ ላይ ያለው 2 ሴ.ሜ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ወንበሩን ወንበር የሚያደርገው እሱ ነው። መቀመጫው ረዝሞ የጉልበቱን ማጠፊያ ከነካ ልጁ ወደ ኋላ ገብቶ መቀመጥ ስለማይችል ወገቡ ይጎብጣል፣ ዳሌው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ቤተሰቡም «አልቀመጥ አለ» ብሎ ወንበሩን ጥግ ያስቀምጠዋል። «ያድግበታል» ተብሎ ስፋት መጨመርም እንደዚያው ነው። የሰፋ ጫማ ከእግር ይወልቃል እንጂ የሰፋ ወንበር ልጁን ወደ ጎን ያጣምመዋል። ለዕድገት የሚተወው በሌላ መንገድ ነው፤ ከታች ይመጣል።

ለምሳሌ የአንድ የ4 ዓመት ልጅ ልክ በቅደም ተከተል 25፣ 20፣ 22፣ 14 እና 33 ሴ.ሜ ሆነ እንበል። ሰሌዳዎቹ እንዲህ ይወጣሉ፦

መቀመጫ 22 በ27። 27 የሆነው 23 የጭኑ ቦታ፣ 2 የጀርባ ስፖንጅ፣ 2 ደግሞ ለዕድገት የሚነሣ ሰሌዳ ስለሆነ ነው።
የጀርባ መደገፊያ ስፋቱ 22፣ ቁመቱ ከወለሉ ሰሌዳ ጀምሮ 59።
ሁለት ጎኖች፣ እያንዳንዳቸው 40 በ40።
ከመቀመጫው ሥር የሚቆም የፊት ድጋፍ 22 በ22።
የወለል ሰሌዳ 32 በ60።
ከልጁ ፊት የሚደረግ ገበታ 50 በ40።
የእግር ማሳረፊያ 22 በ18፣ እያንዳንዱ 2 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት ተነቃይ ሰሌዳዎች።

የመቀመጫው ሰሌዳ ላይኛው ፊት ከወለሉ ሰሌዳ 24 ሴ.ሜ ከፍ ይላል፤ 2 ሴ.ሜ ስፖንጅ ሲደረግበት 26 ይሆናል። የልጁ እግር 22 ነው፣ የቀረውን 4 ሴ.ሜ ሁለቱ የእግር ማሳረፊያ ሰሌዳዎች ይሞሉታል። እግሩ ሲረዝም አንዱን ማንሣት ነው። ጭኑ ሲረዝም ደግሞ ከጀርባው ያለው 2 ሴ.ሜ ሰሌዳ ይወጣል። ስለዚህ እነዚህ ሦስቱ በሙጫ አይጣበቁም፣ በማሰሪያ ይታሰራሉ።

ዕቃና ሙጫ

ሁለት የፍሪጅ ካርቶን ለዚህ ልጅ ወንበር ይበቃል። ከሌለ ከ10 እስከ 12 ትልልቅ የዘይት ወይም የሳሙና ካርቶን። ረጥቦ የደረቀ፣ የታጠፈበት መስመር የበዛ፣ ሲጫኑት ሽንሽኑ የሚደቅ አትውሰዱ። ፕላስተሩንና ስቴፕሉን አንድም ሳይቀር ንቀሉ፤ የተረሳ ስቴፕል ኋላ የልጁ ጭን ላይ ይገኛል። ከዚህ ሌላ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ጋዜጣ፣ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት፣ የናይለን ሲባጎ፣ ወስፌ፣ የካርቶን መቁረጫ ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ ስፖንጅ፣ ያረጀ ከመነዳሪና ከአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ የተፈታ ማንገቻ ከነመቆለፊያው።

1 ብርጭቆ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጉል እስኪጠፋ በጥብጡ። 4 ብርጭቆ ውሃ አፍሉና ሲንተከተክ የበጠበጣችሁትን እያማሰላችሁ ጨምሩበት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። ነጭነቱ ለቆ ሲያብረቀርቅና እንደ ወፍራም አጥሚት ሲሆን አውርዱ። ቀዝቅዞ ነው የሚቀባው። ከ2 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ከኮመጠጠ ድፉት፣ ሻጋታው የሚጀምረው እዚያ ነው። እንዳይበላሽ ብሎ ጨው የሚጨምር አለ፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ክረምት ሲመጣ ወንበሩ ያልባል። የአይጥ መርዝም ሆነ ሌላ መድኃኒት አትቀላቅሉበት፤ ይህ ወንበር በልጅ አፍ የሚላስ ዕቃ ነው።

ሰሌዳ መሥራት

እያንዳንዱን ሰሌዳ ከሚፈለገው ልክ በየጎኑ 2 ሴ.ሜ አስበልጣችሁ ቁረጡ፤ ከደረቀ በኋላ በትክክለኛው ልክ ይከረከማል። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ካርቶን ከሆነ 7 ሉህ ተጭኖ 2 ሴ.ሜ አካባቢ ይመጣል፣ ድርብ ሽንሽን ያለው ከሆነ 4 ሉህ ይበቃል። ገበታው 4 ነጠላ ሉህ ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ሉህ የሽንሽኑን አቅጣጫ አዙሩ፦ አንዱ ቁልቁል፣ ቀጣዩ አግድም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ሰሌዳው እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል። ክብደት የሚሸከሙት ጎኖቹና የፊት ድጋፉ ላይ ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሉህ ቁልቁል ይሁን።

ሙጫውን በአንዱ ሉህ ፊት ላይ ብቻ በስሱ ቀቡ። ካርቶኑ ከሥር እስኪታይ ማለት ነው። አብዝቶ የሚቀባ ሰው ሽንሽኑን ያሟሟዋል፤ ሰሌዳው ቀጭንና ከባድ ሆኖ ይቀራል፣ አይደርቅምም።

ሰሌዳዎቹን ደርድራችሁ በመሃላቸው ጋዜጣ አኑሩ። ላስቲክ አታድርጉ፤ ውሃው መውጫ ያጣል። ከላይ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ ውሃ የተሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት አውጡና ግድግዳ አስደግፋችሁ ፀሐይ ላይ አቁሟቸው፣ ጠዋትና ከሰዓት ፊታቸውን አገላብጡ። አንድ ፊቱ ብቻ ፀሐይ የመታው ሰሌዳ እንደ ጣባ ይጎብጣል።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከ4 እስከ 5 ቀን ይበቃል። ሐምሌ ላይ ባትጀምሩት ይሻላል። መድረቁን ለማወቅ ሰሌዳውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ እርጥብ ነው። እጅ ይሳሳታል፣ ጉንጭ አይሳሳትም። ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ በየቀኑ ይመዝነው፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። እርጥብ ሰሌዳ በወረቀት ተሸፍኖ ቫርኒሽ ሲቀባ ከውጭ ያማረ ከውስጥ የሚሻግት ዕቃ ይሆናል፣ ከወር በኋላ ሽታው ይነግራችኋል።

ከመጣበቁ በፊት ልክ ማየት

ሰሌዳዎቹን በልካቸው ከርክሙ። ምላጩን አንዴ ገፍቶ ከመቁረጥ ብረት ማስመሪያ አስደግፎ በዚያው መስመር ስምንት አሥር ጊዜ መመላለስ ይሻላል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጣትም ይተርፋል።

በሁለቱ ጎኖች የውስጥ ፊት ላይ፣ የላይኛው ጠርዙ ከታች 22 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ እንዲውል አድርጋችሁ፣ 4 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ወፍራም የካርቶን ቁራጭ አግድም አጣብቁ። መቀመጫው የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው፤ ሲባጎና ወረቀት ብቻውን አይሸከምም። የፊት ድጋፉ ከመቀመጫው የፊት ጫፍ 5 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቆማል፣ ልጁ ተረከዙን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ እንዲችል። የጀርባ መደገፊያው ከመቀመጫው ኋላ በጎኖቹ መካከል ይገባል። ከሱ ኋላ የሚተርፈው 11 ሴ.ሜ ገደማ የጎኖቹ ጭራ ወንበሩ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ነው።

አሁን ሙጫ ሳትነኩ ሁሉንም በሲባጎ ግጥም አድርጋችሁ እሰሩና ስፖንጁን አስገብታችሁ ልጁን አስቀምጡት። ልብስ ሰፊ ሳይሰፋ በመርፌ አያይዞ እንደሚያየው ነው። ዳሌው እስከ ጥግ ገብቷል? ከጉልበቱ ማጠፊያና ከመቀመጫው ጫፍ መካከል ሁለት ጣት ይገባል? ከዳሌው ግራና ቀኝ መዳፍ ሳይጨናነቅ ይገባል? የእግሩ መዳፍ ሙሉ በሙሉ አርፏል? አንዱም ካልሆነ አሁን ላጡ ወይም ደርቡ። ነገ ከባድ ነው።

ከሆነ ፍቱና መጋጠሚያዎቹን በሙጫ ቀቡ። ከጠርዝ 3 ሴ.ሜ ገባ ብሎ በየ5 ሴ.ሜው በወስፌ ብሱና በሲባጎ በመስቀል እየሰፋችሁ አጥብቁ። ሲባጎው ካርቶኑን እንዳይቆርጠው ቀዳዳው ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ አድርጉ።

ወረቀት ማልበስ

ጋዜጣውን በእጅ ቅደዱት፣ በመቀስ አትቁረጡት። የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ከሥሩ ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ጠርዝ ግን ደረጃ ይሠራል፣ ኋላ በጥፍር ይነሣል። ስፋቱ 5፣ ርዝመቱ 15 ሴ.ሜ ያህል። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ሙጫ አይጠጣም። በመጀመሪያ ጠርዞችንና መጋጠሚያዎችን ብቻ 3 ጊዜ አልብሱ፣ ከዚያ ሁሉንም ፊት 2 ጊዜ በጋዜጣ፣ አንድ ጊዜ በቡናማ ወረቀት። ቡናማውን መጨረሻ ማድረግ ለጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ያልተሸፈነ ጋዜጣ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ወረቀቱን በሁለቱም ፊት ሙጫ ቀብታችሁ ከመሃል ወደ ዳር በአውራ ጣት ገፍታችሁ አየሩን አውጡ። በየ2 ሽፋኑ ይድረቅ።

የወንበሩን የታች ፊት መርሳት የተለመደ ነው። እርጥበትም በረሮም የሚገባው ከታች ነው።

ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ቫርኒሽ 3 ጊዜ ቀቡ፣ በየመሃሉ አንድ ቀን። የቀዳዳዎቹን ውስጥ በቀጭን ብሩሽ አዳርሱ። ዘይት ቀለም ከመረጣችሁ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑ ጣሳው ላይ የተጻፈ ይሁን፣ ካልተጻፈ ቫርኒሽ ይበልጣል። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ነፋስ ይምታው። የወለሉን ሰሌዳ ሥር ዙሪያውን ከመነዳሪ አጣብቁበት፤ እንዳይንሸራተትም እርጥብ ወለል እንዳይነካም ይጠብቀዋል።

ልጁ ከመቀመጡ በፊት የልጁን ክብደት 3 እጥፍ ጫኑበት። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 45 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ጀሪካንና ትንሽ፣ ለ10 ደቂቃ። ከዚያ 15 ሊትር ብቻ አስቀርታችሁ ከጎንና ከኋላ ግፉት። በቀላሉ ከተነሣ የወለሉ ሰሌዳ መስፋት አለበት።

ስፖንጅ፣ ቀበቶ፣ ገበታ

ስፖንጁን በእጃችሁ አንጓ ተጫኑት፤ ሥሩ ያለው ጠንካራ ነገር ከተሰማችሁ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቀጭን ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላይ የሚታጠብ ጨርቅ አልብሱት። ሽንት ወደ ካርቶኑ የሚገባው በስፖንጁ በኩል ነው።

ቀበቶው ዳሌ ላይ ነው የሚሆነው። ከጀርባ መደገፊያው ጥግ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከመቀመጫው ጋር እኩል ቦታ ላይ ጎኖቹን ብሱና ማንገቻውን አሳልፉ። ጭንና ሆድ በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቁልቁል ይወርዳል። ከቀበቶውና ከገላው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ሆድ ላይ ከወጣ ትንፋሽ ይይዛል፣ ልጁም ከሥሩ ይሾልካል። ደረት ላይ ነጠላ ወይም ገመድ ፈጽሞ አትሰሩ። ልጁ ሲንሸራተት የደረቱ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይደርሳል።

እግሮቹ እንደ መቀስ ለሚቆላለፉ ልጆች በጉልበቶቹ መካከል ከ6 እስከ 8 ሴ.ሜ ስፋት ያለው፣ በስፖንጅ የተሸፈነ ጉብታ አድርጉ። ቦታው የመቀመጫው የፊት ሲሶ ላይ ነው፤ ብሽሽቱን መንካት የለበትም። ልጁ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ቀበቶው ነው፤ ጉብታውን ለዚያ የሚጠቀም ሰው ልጁን ያቆስለዋል።

ገበታው በጎኖቹ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ከክርኑ 1 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ይላል። ለሆዱ ግማሽ ክብ ቁረጡለት፣ ሳህንና መጫወቻ እንዳይወድቅ ዙሪያውን 1.5 ሴ.ሜ ጠርዝ አብጁለት። ማሰሪያው በአንድ እጅ በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን። ልጁ ትን ሲለው ቋጠሮ መፍቻ ጊዜ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በቀን 3 ጊዜ፣ 10 ደቂቃ ብቻ። ሲያነሡት ልብሱን ገልጣችሁ የመቀመጫ አጥንቱን፣ የጭራ አጥንቱን፣ የጉልበቱን ማጠፊያና የውስጥ ጭኑን እዩ። በ30 ደቂቃ ውስጥ የማይጠፋ መቅላት ካለ ወንበሩ እዚያ ቦታ ላይ ይስተካከል፣ እስከዚያ አይቀመጥበት። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ ትኩስ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ያው ነው። ደህና ከሆነ በሳምንት ውስጥ ወደ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ግን አይዋልበትም፤ በሆድ መተኛትና መታቀፍም አለ። ስታጎርሱት አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ያዘንብል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጎርስ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ይሄድበታል።

ወደ ፊት የሚንሸራተት ከሆነ በመጀመሪያ የመቀመጫውን ርዝመት፣ ቀጥሎ የቀበቶውን ማዕዘን መርምሩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ልጁ ገላውን ገትሮ የሚገፋ ከሆነ ከመቀመጫው የፊት ግማሽ ሥር 1.5 ሴ.ሜ ከፍ የሚያደርግ ተዳፋት ጨምሩ። ወደ ጎን የሚያጋድለው ብዙ ጊዜ እግሩ ስለተንጠለጠለ ነው፤ የእግር ማሳረፊያውን ከማየታችሁ በፊት የጎን ትራስ አትደርቡ። መቀመጫው መሃሉ ከለሰለሰ ቫርኒሹ ተሰንጥቆ ሽንት ገብቷል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ 2 ሽፋን ቡናማ ወረቀት አልብሱ፣ እንደገና ቫርኒሽ ቀቡ። ጥቁር ሻጋታ የያዘ ሰሌዳ ግን አይጠገንም፣ ተቆርጦ ይወጣል።

ወንበሩ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በውሃ አይታጠብም። በየ3 ወሩ ሜትሩን አውጥታችሁ እነዚያኑ 5 ልኮች ውሰዱ፤ ቁጥሮቹን ከነቀኑ ከመቀመጫው ሥር በእስክሪብቶ ብትጽፏቸው አይጠፉም።